ከቀለበቱ በፊት ስለ ፓስፖርቱ ተነጋገሩ

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ከውጭ አገር የመጣ ሙሽራ አዲስ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፤ ሠርግ ይደገሳል። ሙሽራው የሌላ አገር ዜጋ ሲሆን ግን የሙሽሪትን እናት አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል፦ «ልጄ ዜግነቷን ታጣ ይሆን?»

አታጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 የውጭ ዜጋ ማግባት ኢትዮጵያዊ ዜግነትን እንደማያስቀር ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ግን በገዛ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ያስቀረዋል። ያን ጊዜ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የሚሰጣት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሳይሆን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ «ቢጫ ካርድ» ነው። ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይፈቅድም።

ልጆችስ? ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በትውልድ የሌላ አገር ዜግነትም ካገኘ ግን፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል።

እጮኛሞች፣ በጋብቻ ምክር ጊዜ ስለ ገንዘብና ስለ ወላጆች ትነጋገራላችሁ። ይህንንም ጨምሩበት። ፓስፖርት ሳይቀየር መመካከር፣ ከተቀየረ በኋላ ከመወቃቀስ ይሻላል።