የፈረንጅ ላም ሲሞቃት

ባለፈው ሚያዝያ አዳማ ያሉት አክስቴ ደውለው፣ "የፈረንጇ ላም ወተት ቀነሰብኝ፤ ምን ነክቷት ይሆን?" አሉኝ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ግን አያስፈራኝም።

ሙቀትንና እርጥበትን አዋህዶ የሚያሰላ የላሞች መለኪያ አለ። ከ68 ሲያልፍ ብዙ የምትታለብ ላም መብላት ትቀንሳለች፤ ወተቷም አብሮ ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ሙቀትና 30 በመቶ እርጥበት ያለው የአዳማ ቀን 75 ገደማ ይሆናል። 27 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ የደረሰ የእኛ የሐምሌ ቀን ግን 78 ይመጣል! እዚህ ላብ ቶሎ አይደርቅም። የአዳማ ደረቅ አየር ውሃን ፈጥኖ ስለሚያተን ላም ለማቀዝቀዝ የተሻለ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥላና የሚጠጣ ውሃ ይቅደም፤ በሙቀት ቀን አንዲት የወተት ላም ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። መኖውንም በማለዳና ሲመሽ መስጠት ይሻላል። ከዚያ ጀርባዋን ቆዳዋ እስኪርስ ውሃ አፍስሱባት፤ ንፋስ ይምታት፤ ሲደርቅ ድገሙላት። ጸጉሯን ብቻ የሚነካ ርጭት ብዙም አይረዳትም። (የቦረና ላም ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም፤ ወተቷ ግን ጥቂት ነው።) ውሃው ወደ ጡቷ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ፤ የረጠበ ጡት ጭቃ ላይ ሲያርፍ ለጡት በሽታ ይጋለጣል።