የድረ ገጽ ስም ከመግዛታችን በፊት ዋጋውን እንዴት እንመዝን?

መድረሳ፣ ጀመዓ ወይም አነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ለመክፈት ሲነሳ መጀመሪያ የሚገጥመው ጉዳይ የዶሜይን ስም ነው። ያልተያዘ ስም በዶት ኮም ወይም በዶት ኦርግ ማስመዝገብ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 የአሜሪካ ዶላር ይፈጃል። ስሙን ቀድሞ የያዘ ሰው ካለ ግን ሺህ ዶላርም ሊጠይቅ ይችላል። ታዲያ ይህን ያህል ያወጣል ወይ?

እ.ኤ.አ በ2019 ቮይስ ዶት ኮም በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ያ ግን በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ለእኛ ዋናው ነገር ወገናችን ስሙን ሰምቶ ሳይሳሳት መጻፍ መቻሉ ነው።

ስለዚህ አንደኛው መመዘኛ አጻጻፉ ነው። ስሙን በአማርኛ ወይም በዐረብኛ እንሰማዋለን፤ የምንጽፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። ለምሳሌ "ሒዳያ" የሚለውን አንዱ በ"አይ"፣ ሌላው በ"ኢ" ይጽፈዋል፤ መጨረሻው ላይ "ኤች" የሚጨምርም አለ። ስሙን ለአምስት ሰዎች በስልክ ነግራችሁ አስጽፏቸው። ሦስቱ ከተለያዩ ስሙ ለእናንተ ብዙ አያወጣም።

ሁለተኛው ታሪኩ ነው። ስሙ ከዚህ በፊት ምን ሲሠራበት እንደነበር በኢንተርኔት አርካይቭ የዌይባክ ማሽን አገልግሎት በነፃ ማየት ይቻላል። ለቁማር ወይም ለማጭበርበር ያገለገለ ስም በርካሽ ቢገኝም ኢሜይላችሁን ሳይቀር ተጠርጣሪ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው የእድሳት ዋጋው ነው። አንዳንድ ቅጥያዎች በመጀመሪያው ዓመት ረክሰው በሁለተኛው ይወደዳሉ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለተኛውን ዓመት ሒሳብ ጠይቁ።

አራተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት ስሙ በማን እጅ እንዳለ ነው። ዶሜይን ለዘለዓለም አይገዛም። ዶት ኮም በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ካልታደሰ የተወሰነ የእፎይታ ጊዜ ይሰጠውና ለማንም ክፍት ይሆናል። ሰዎች የለመዷቸውን እንዲህ ያሉ ስሞች እየጠበቁ ወስደው የቁማር ማስታወቂያ የሚለጥፉባቸው አሉ። አንድ ወንድም በግል ኢሜይሉ ያስመዘገበው የመድረሳ ስም፣ እርሱ አገር ሲቀይር ወይም ኢሜይሉን ሲተው፣ የእድሳት መልእክቱን የሚያነብለት ያጣል። በመጽሐፍና በባነር ላይ የታተመውን አድራሻ ልጆች ሲከፍቱ የሚያገኙትን አስቡት።

ስለዚህ ስሙን በተቋሙ ስምና ኢሜይል አስመዝግቡ፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ይወቁት፤ የእድሳቱም ቀን በተቋሙ መዝገብ ይስፈር። ይህ አማና ነው። እነዚህን መመዘኛዎች የሚያልፍ ያልተያዘ ስም ካገኛችሁ ሺህ ዶላር የሚጠየቅበትን ተዉትና በገንዘቡ ለኡስታዞቹ ደመወዝ ክፈሉበት።