የጐማ ዕድሜ በጥርሱ አይታወቅም

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ የላስታ ሰው አስቀድሞ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ደግም አደረገ፤ የበቅሎ ዕድሜ በጥርሷ ይታወቃልና። ያገለገለ ጐማ የሚገዛ ሰውም እንደዚሁ ጐንበስ ብሎ የጐማውን ጥርስ በጣቱ ይለካና «ይኸማ ገና አዲስ ነው» ብሎ ዋጋ ይቈርጣል። እዚህ ላይ ግን ይሳሳታል። የጐማ ጥርስ የሚናገረው ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ ነው እንጂ ስንት ዓመት እንደ ኖረ አይደለም።

ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ለገና ከወልድያ ተነሥተን፣ በጋሸና አድርገን ላሊበላ፣ ከዚያም አልፈን ብልባላ የምንገባ ሁሉ፣ የብልባላ ጊዮርጊስንና የብልባላ ጨርቆስን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም የሚመጣው እንግዳም ጭምር፣ ነፍሳችንን የምናስይዘው በአራት ወይም በስድስት ጐማ ነው። መንገዱ ተራራ ወጥቶ ተራራ የሚወርድ ነው፤ የበዓል ሰሞን ጭነት ምን እንደሚመስልም የተሳፈረ ያውቀዋል።

የጐማን እርጅና ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የእሽቅድምድም መኪና ጐማ ነው። በላስታ እሽቅድምድም ቢኖር ሾፌሮች ተሳፋሪ ለመሻማት የሚያደርጉት ብቻ ነው፤ ቢሆንም የእሽቅድምድም ጐማ የእኛ ጐማ በብዙ ዓመት የሚያየውን መከራ በጥቂት ቀን ስለሚያይ ጥሩ አስተማሪ ነው። ይህ ጐማ መንገዱን እንዲይዝ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ላስቲክ ይሠራል። በውድድሩ ጊዜ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ ውድድሩ ሲያልቅ ይበርዳል። በጋለና በበረደ ቍጥር ላስቲኩ እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጥርስ ወይም ብዙ ውፍረት ቀርቶት ሳለ መንገድ የመያዝ ኀይሉ ያልቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለው ጐማ በርካሽ ይሸጣል፤ ነገሩን የሚያውቅ ገዢም የሚጠይቀው «ጥርሱ ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ጊዜ ግሎ በረደ? መቼስ ተሠራ?» ብሎ ነው። ብዙው ደግሞ ሲሠራም ጥርስ የሌለው፣ እኛ ሊሾ የምንለው ዓይነት ስለሆነ ውሃን ገፍቶ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። በደረቅ ሜዳ የተመሰገነው ጐማ በሐምሌ ዝናብ ቢወጣ ሞት ነው።

ምክንያቱ በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋር በእሳት በማሞቅ የማይቀልጥና የሚለጠጥ አደረገው። ድኙ ረጃጅሞቹን የላስቲክ ክሮች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ችግሩ ማያያዙ ከፋብሪካ ሲወጣ አለማቆሙ ነው፤ ሙቀትና ኦክሲጅን ሥራውን ይቀጥላሉ፤ ፀሐይና ኦዞንም ከውጭ ክሮቹን ይቈርጣሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በላስታ ደጋ ላይ ከቤት ውጭ የሚያድር ጐማ ቈላ ካለው የባሰ ጨረር ያገኘዋል። ውጤቱን ለማየት እንጀራንና ድርቆሽን ማስተያየት ይበቃል። ድርቆሽ ዐይኑ አንድም አልጐደለም፤ ሲያጥፉት ግን ይሰበራል።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር ከወዳጁ ጋር በፖርሽ መኪና ሲሄድ ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ተናገሩ፤ መኪናው በሰዓት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበርና። ነገር ግን ጐማዎቹ 9 ዓመት የሆናቸው መሆኑን፣ ይህም የመኪናውን አያያዝ ሳይጐዳው እንዳልቀረ ጨምረው ገለጡ። ያ መኪና የሀብታም መኪና ነው፤ ጐማው ያረጀው በድህነት ሳይሆን ብዙ ሳይነዳ በመቆሙ ነው።

እንግዲህ ዕድሜው ከየት ይነበባል? በጐማው ጐን «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኀዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ሦስት አኀዝ ብቻ ካለ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ዋጋውን እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። 3516 የሚል ጐማ ያየ ሰው «የ16 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት የተሠራ» ሊል ይችላል። ዓመቱ ግን የአውሮፓ ነው፤ ያ ጐማ የተሠራው በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በአንድ አነጋገር ሰባት ስምንት ዓመት ጠፋ ማለት ነው! ብዙ መኪና ሠሪዎች ጐማ በ6 ዓመቱ ይለወጥ ይላሉ፤ ጐማ ሠሪዎችም ቢሆኑ መልኩ ምንም ቢያምር ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጐን ብቻ ስለሚገኝ፣ በውጭ በኩል ካልታየ ከመኪናው ሥር መጐንበስ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ስኮርታው ነው። ከመኪናው ጋር አብሮ መጥቶ፣ አንድ ቀን መሬት ሳይረግጥ፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዓመታት ያሳለፈ ጐማ ጥርሱ ሙሉ ነው። አንዱ ጐማ ሲፈነዳ እርሱ ይወርድና «አዲሱን አስገባን» ተብሎ ቍልቍለቱ ይጀመራል። በቍልቍለት ፍሬኑ ሲግል ሙቀቱ በቸርኬው በኩል ወደ ጐማው ያልፋል፤ ነፋሱ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ጐማው በተጣጠፈ ቍጥር ከራሱ ውስጥ ሙቀት ይጨምራል። ድርቆሹ የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው።

አኀዙ ተፍቆ ወይም ጠፍቶ ቢሆን እጅና ዐይን ይቀራሉ። ጥፍር ጥርሱ ላይ ሲጫን ትንሽ ገብቶ መመለስ አለበት፤ እንደ ቀንድ ከደረቀ አይሆንም። ለዚህ ዱሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ አዲስ የመንገድ ጐማ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ያሳያል፣ የእሽቅድምድሙ ከዚያ ያንሳል፣ ያረጀው ግን ሽቅብ ይወጣል። ጐኑን ለጠጥ አድርጎ ማየት ነው፤ እንደ በጋ ዋልካ መሬት የተሰነጣጠቀ እንደሆነ መተው ይሻላል። ጐኑ ላይ እብጠት ካለ የውስጡ ክር ተበጥሷል፤ ይህን ጐሚስታ አያድነውም። ጐኑ ላይ የተለጠፈውንም እንዲሁ። በጥርሶቹ መካከል ያለችው ዝቅተኛዋ ምልክት ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነች 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፤ ይህም በብዙ አገር ሕግ የመጨረሻው ልክ ነው።

አዲስ ጐማ ውድ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሾፌሩም የልጆች አባት ነው፤ ወዶ በድርቆሽ አይነዳም። ነገር ግን ከመሳፈራችን በፊት አንድ ዙር ዞሮ አኀዙን ማንበብ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ «ጋሼ፣ ይህችኛዋ የስንት ዓመት ናት?» ብሎ በትሕትና መጠየቅም ነውር የለውም። የተጣለውን ጐማ በተመለከተ የምለው አንድ ነው፤ ጐኑ በቢላዋ ሳይቀደድ ከጐሚስታው ደጅ አይተው፤ ነገ ታጥቦና ጠቍሮ ተመልሶ ይሸጣልና። በረባሶ ሠሪው እንደ ሆነ የተቀደደውንም ቢሆን ይወስደዋል፤ ለእግር የሚቈረጥ ነውና ዕድሜውን አይጠይቅም።