ራጅ ያየው ብረት፣ ኮባልት የገባበት ፌሮ

በቡራዩ የብረታ ብረት ቤቶች፣ በሰበታ ቁርጥራጭ ብረት በሚከማችባቸው ግቢዎች፣ ብረት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ስለ ብረትና ስለ ጨረር የሚወራው ግን ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ «ጨረር የነካው ብረት መርዝ ነው» ይላል፤ ሌላው «ብረት ምን ይሆናል!» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ሰው ሊገድል ስለሚችል የከፋ ነው።

የራጅ ክፍል አልጋ ዕድሜውን ሙሉ ራጅ ሲያልፍበት ኖሮ ለቁራሌው ቢሸጥ ተራ ብረት ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ አልጋው ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። አንድን የብረት አተም ከቦታው ለመንቀል 40 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሆስፒታል ራጅ ደግሞ ይህን ያህል ለአተሙ ማቀበል አይችልም።

በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ኒውትሮን ነው፤ የ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን የብረትን አተም ሲገጨው እስከ 70 ሺህ የሚደርስ ጉልበት ሊሰጠው ይችላል። የተመታው አተም እንደ ካራምቡላ ኳስ ሌሎቹን እየገጨ ይበትናል። አብዛኞቹ ወዲያው ቦታ ይይዛሉ፤ የቀሩት ግን ባዶ ቦታና ትርፍ አተም ትተው ያልፋሉ። በሙቀት ውስጥ ባዶዎቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ጉድጓድ ይሆናሉ፤ ብረቱም ያብጣል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 ይፋ ያደረጉት በስኮትላንድ ዱንሬይ ማብላያ ውስጥ የቆየ ስቴንለስ የመረመሩ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ናቸው። በቅይጡ ውስጥ ያለው ኒኬል ከ35 እስከ 45 በመቶ ሲሆን እብጠቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የማብላያ ብረት ቀማሚዎች ለኒኬል መጠን የሚጨነቁት ለዚህ ጭምር ነው።

የአተም አደራደር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ማብላያ አያስፈልግም፤ የቁራሌው ማግኔት ይበቃል። 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበትን ስቴንለስ ማግኔት አይዘውም፤ ኒኬሉ አተሞቹን በሌላ መልክ ስለሚያሰልፋቸው። ያንኑ ዕቃ በኃይል የታጠፈበት ጠርዝ ላይ ሞክሩት፤ ማግኔቱ ሳብ ሊያደርግ ይችላል። ምንም አልተጨመረበትም፤ አደራደሩ ብቻ ተለወጠ። ኒውትሮንም የሚነካካው ይህንኑ አደራደር ነው።

«ጨረር ማፍረስ ብቻ ያውቃል» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የፊዚክስ ሊቁ ሉዊ ኔል ያለበት የፈረንሳይ ግሬኖብል ቡድን፣ ብረትና ኒኬል እኩል የተቀላቀሉበትን ቅይጥ በማግኔት መስክ ውስጥ በኒውትሮን ደበደበው። አተሞቹም ብረት በአንድ ድርድር፣ ኒኬል በሚቀጥለው ሆነው ተሰለፉ። ከ320 ዲግሪ በታች አተሞች እጅግ ስለሚዘገዩ፣ ተፈጥሮ ይህን ሰልፍ የምታገኘው በሚሊዮን ዓመታት በሚቀዘቅዙ የሰማይ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ኒውትሮኑ የከፈታቸው ባዶ ቦታዎች ለአተሞቹ መተላለፊያ ሆኑላቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ለሰበታና ለቡራዩ ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጨረር አመንጪው ራሱ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሲመጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ በሜክሲኮ ሁዋሬዝ ከተማ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ተፈታትቶ ለቁርጥራጭ ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ የነበረው ኮባልት 60 ከብረቱ ጋር ቀልጦ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። የታወቀውም በቀጣዩ ወር ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላይ መንገድ ስቶ የጨረር መመርመሪያ ሲያስጮህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በብራዚል ጎያኒያ ከተጣለ ማከሚያ የወጣ ሲዝየም 137 አራት ሰዎችን ገደለ።

«እሳት ያጠፋዋል» የሚለው ወሬ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማቅለጥ የአተሙን እምብርት አይነካም፤ የኮባልት 60 ጨረር በግማሽ የሚቀንሰው በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ነው፣ ምድጃ ቢገባም ባይገባም። ቁራሌው ባለሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበት፣ ወይም በመጠኑ ትንሽ ሆኖ በእርሳስ የከበደ ዕቃ ካጋጠመው አይቁረጠው፣ አይክፈተው፣ ቤትም አያስገባው። ርቆ ሰው እንዳይጠጋው ይከልክል፤ ለፖሊስና ጨረርን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳውቅ። ብረት አቅላጭ ፋብሪካ ደግሞ የጨረር መመርመሪያውን በር ላይ፣ ከሚዛኑ ጎን ይትከለው፤ ከምድጃው በኋላ የሚገኝ ጨረር ምድጃውን፣ አመዱንና ፌሮውን አዳርሷል።