ከመነዳሪ አልባ ጎማ፦ አገጣጠሙና የክፍሎቹ ስያሜ

1. መነሻ

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ የብስክሌት መስመር አግኝቷል። በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ አካባቢ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ብስክሌቶች አንዳንዶቹ የሚሽከረከሩት በውስጡ ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ጎማ አገጣጠምና የክፍሎቹን ስያሜ አብሮ መመርመር ነው። ሁለቱ ስለምን ሊነጣጠሉ እንደማይገባ የሚከተለው ገጠመኝ ያስረዳል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ገርጂ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ወጣት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የመመሪያ ወረቀት ይዞ ወደዚህ ጸሐፊ መጣ። ወረቀቱ «ቱቦ አልባውን ጎማ ለመግጠም ዶቃው በአልጋው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ንፋ፤ መንጠቆ የለሽ ከሆነ ከ5 ባር አትለፍ» ይላል። ወጣቱም «ጋሼ፣ ዶቃው የቱ ነው? መንጠቆውስ?» ሲል ጠየቀ። መንጠቆ የተባለው ብስክሌቱ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ብረት መስሎት፣ ጎማውን በሰፈሩ ጎሚስታ ቤት ከልክ በላይ አስነፍቶት ነበር፤ ጎማውም ከቸርኬው ተፈናጥሮ ወጣ። ደግነቱ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ቋንቋውን እንዲያርም የተሰጠው ይኸው ጸሐፊ ነበር። ሰዋስዉን አቃንቶ፣ ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክሎ መልሶታል፤ ዶቃው ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም።

2. «ቱቦ» ወይስ «ከመነዳሪ»?

አማርኛ የተሽከርካሪ ቃላትን በብዛት የወሰደው ከጣልያንኛ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ፣ ማስቲሽ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። በጣልያንኛ «የአየር ክፍል» የሚል ትርጉም ያለው «ካሜራ ዳሪያ» ወደ አማርኛ ሲገባ፣ ሁለት «ር» በአንድ ቃል ውስጥ ለአንደበት ስለ ከበደ የፊተኛው ወደ «ን» ተለውጦ «ከመነዳሪ» ሆነ። ሌሎች ተናጋሪዎች ደግሞ ወደ «ል» ለውጠው፣ ከ«ም» ጋርም ቦታ አለዋውጠው «ካላማዳሪ» ይላሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ ጽሑፍ የፊተኛውን መርጧል፤ የድምፁ ለውጥ አንድ ደረጃ ብቻ ስለ ሆነ ከምንጩ አይርቅም።

«ቱቦ»ም የጣልያንኛ ውላጅ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ ቦታው ተይዟል፤ የውሃና የፍሳሽ መተላለፊያን ይሰይማል። ስለዚህ «ቱቦ አልባ ጎማ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ስለ የትኛው ቱቦ እንደሚነገር ማወቅ ይቸግረዋል። የእንግሊዝኛው ቃል መተላለፊያውንም የጎማውን የውስጥ ክፍል በአንድነት ስለሚጠራ ተርጓሚው አማርኛም እንዲሁ ያደርጋል ብሎ ገምቷል። አማርኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃላት አሉት፤ ትክክለኛው ስያሜ «ከመነዳሪ አልባ ጎማ» ነው። በመኪና ላይ ይህ ዓይነት ጎማ የታወቀው ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፣ ለውድድር ብስክሌት ለገበያ የቀረበው በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሾፌሮች የሚሉት «ቲዩብለስ» ከባለሙያ ጋር ለመግባባት ስለሚበቃ በመዝገበ ቃላት በተመሳሳይነት ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ለጀማሪ አንባቢ ግን ምንም አያብራራም።

3. አገጣጠሙ ስለምን ይከብዳል?

በተለመደው ጎማ አየሩን የሚይዘው ከመነዳሪው ነው፤ ጎማው ልብስ ብቻ ነው። ከመነዳሪ በሌለበት ጊዜ ግን አየሩን ጎማውና ቸርኬው ተጋግዘው ይይዙታል። በመሆኑም የጎማው ሁለት ዳርቻዎች ከቸርኬው ጋር ያለ ክፍተት መጣበቅ አለባቸው። በእያንዳንዱ ዳርቻ ውስጥ የማይለጠጥ ገመድ ተቀብሯል፤ ቢለጠጥ ኖሮ የአየሩ ግፊት ጎማውን ከቸርኬው ያወጣው ነበር። ችግሩም ከዚህ ይነሣል፤ የማይለጠጠው ዳርቻ ከእርሱ በሚሰፋው የቸርኬ ጠርዝ ላይ ተሻግሮ መግባት አለበት።

መፍትሔው ጉልበት አይደለም፤ በቸርኬው ቅርጽ ውስጥ ይገኛል። የቸርኬው መካከል በዙሪያው ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ በግራና በቀኙ ከፍ ያሉ ሁለት ማረፊያዎች አሉ። በተለመደው የውድድር ብስክሌት የማረፊያው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 622 ሚሊ ሜትር ነው። መካከሉ ከማረፊያው 3 ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ፣ የዙሪያው ርዝመት በ19 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። እንግዲህ የጎማው ዳርቻ ወደ መካከሉ በገባ ቁጥር በሌላው ወገን ትርፍ ርዝመት ይገኛል፤ ጎማውም በእጅ ብቻ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ከቫልቩ ፊት ለፊት ተጀምሮ በቫልቩ ላይ ይፈጸማል፤ የቫልቩ ሥር መካከሉን ስለሚዘጋ በዚያ ቦታ ዳርቻው ሊጠልቅ አይችልምና። ከዚያም ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ይጨመራል፤ ለአንድ ቀጭን ጎማ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በመጨረሻም አየር በአንድ ጊዜ በብዛት ይለቀቃል። ዳርቻዎቹ ከመካከሉ ተነሥተው ማረፊያቸውን ሲይዙ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። የሳሙና ውሃ መቀባትም ያግዛል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንዳንድ ቸርኬ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎማውን ይጨብጣል፤ የአንዳንዱ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለቀጥተኛው ጠርዝ የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ቴክኒክ ድርጅት የወሰነው ከፍተኛ ግፊት 5 ባር፣ ማለትም 72.5 ፒኤስአይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ዙር ውድድር ቤልጂጋዊው ቶማስ ደ ጌንት ወድቆ ጎማው ከእንዲህ ያለ ቸርኬ ወጥቶ በመታየቱ፣ የጠርዙ ዓይነት በዓለም የብስክሌተኞች ማኅበረሰብ ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

4. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ የምንማረው፣ የሙያ ቃል የሚመዘነው በእጅ ሥራው ላይ መሆኑን ነው። በወረቀቱ «ዶቃ» የተባለው የጎማው ዳርቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ከአንገት ዶቃ ጋር አንድ ስለ ሆነ ተርጓሚው ተሳስቷል። ይህ ጸሐፊ «ከንፈር» እንዲባል ያቀርባል። የገል ዕቃ የአፍ ዳርቻ ከንፈር ይባላልና፤ ደግሞም ከንፈር ሲገጥም ትንፋሽ አያሳልፍም። ዝቅ ያለው መካከል «ቦይ» ቢባል ውሃ የመራ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል። «መንጠቆ» የተባለው «የታጠፈ ጠርዝ»፣ መንጠቆ የለሹ ደግሞ «ቀጥተኛ ጠርዝ» ይባል። ፈሳሹ «መድፈኛ» ይሁን፤ «ማስቲሽ» ግን ማጣበቂያ ስለ ሆነ አይስማማውም። ለማረፊያው በቤት ግድግዳ ሥር በጭቃ የሚሠራውን መቀመጫ በማሰብ «መደብ» የሚለውን መርጠን ነበር።

በዚህ መሠረት ዓረፍተ ነገሩ «የጎማው ከንፈሮች ከቦዩ ወጥተው በመደቡ ላይ ቦታቸውን እስኪይዙ ይነፋ፤ የቸርኬው ጠርዝ ቀጥተኛ ከሆነ ግፊቱ ከ5 ባር አይለፍ» ተብሎ ታረመ። ወጣቱ ወረቀቱን እያነበበ ከንፈሩን፣ ቦዩንና ጠርዙን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። «መደብ» ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ያደገው በኮንዶሚኒየም ቤት ስለ ሆነ መደብ አይቶ አያውቅም። «መቀመጫ ለምን አይባልም?» አለ። መቀመጫ ደግሞ በብስክሌት ላይ የኮርቻው ሌላ ስም ነው።

ስለዚህ አራቱን ስያሜዎች ለውይይት ስናቀርብ አምስተኛውን ክፍት ትተነዋል። ሐሳብ ያለው ባልደረባ ቃሉን ወደዚህ መጽሔት ከመላኩ በፊት ቸርኬና ጎማ በእጁ ይዞ እንዲፈትነው አደራ እንላለን።