463 ደረጃና ግማሽ ሜዳሊያ

ፍሎረንስ በገባን ማግስት ባለቤቴ «የካቴድራሉን ጉልላት ካልወጣሁ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1436 የተጠናቀቀው የብሩኔሌስኪ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፤ ሊፍት የለውም። እሱ 71 ዓመቱ ነው፤ ደም ግፊትም አለበት። ነርስ ሳለሁ ስንቱን ታካሚ «ይቅርብዎ» ብያለሁ፤ ለባል መንገር ግን ይከብዳል። ነገርኩት፤ አኮረፈ።

እንዳኮረፈ፣ ትንሽ በእግር አስኬጄ ኢኖቼንቲ ወሰድኩት። ይኸው ብሩኔሌስኪ ለተጣሉ ሕፃናት የነደፈው ማሳደጊያ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም አለው። እናቶች ልጃቸውን አንድ ቀን ለመለየት ብለው ለሁለት የከፈሉትን ሜዳሊያ አየን፤ ግማሹ ከሕፃኑ ጋር ይቀር ነበር። ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለልጃችን ደወለ።

ጉልላቱን ማታ ከታች ሆነን አየነው። እናንተም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የደረጃውን ቁጥር ጠይቁ፤ ሕመማችሁን አትደባበቁ።