የሚጥል በሽታና የአንጎል ቀዶ ሕክምና፤ «ዳነ» የሚባለው መቼ ነው?

የሚጥል በሽታ በብዙ አገር የእርግማን ወይም የመንፈስ ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። ምክንያቱ ግን የአንጎል ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ከሥርዓት ወጥቶ መናወጡ ነው። ከበሽተኞቹ የሚበዙት መድኃኒት ይበቃቸዋል። ሁለት ተስማሚ መድኃኒቶች በደንብ ተሞክረው ሕመሙ ያልተገታለት ሰው ግን በሦስተኛው የሚያገኘው ተስፋ እጅግ ያነሰ ነው። የዚህ ሰው መናወጥ ከአንድ ከታወቀ ስፍራ የሚነሣ እንደ ሆነ፣ ያንን ስፍራ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ታዲያ ከዚህ በኋላ ሕመሙ በእውነት ይቆማልን? ይህን እንመርምር። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2001 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ ሕመማቸው በጆሮ ግንድ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ 80 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። 40ው ለቀዶ ሕክምና ተመደቡ፤ 40ው በመድኃኒት ብቻ ቆዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ሕመም ነፃ የሆኑት ከፊተኞቹ 58 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 8 በመቶ ነበሩ። ከፊተኞቹ አራቱ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግላቸው ቢቀርም ከዚያው ክፍል መቆጠራቸው የጥናቱን ሚዛናዊነት ያሳያል።

ነገር ግን አንድ ዓመት ዕድሜ አይደለም። በ2011 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት 615 ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፣ ራስን ከሚያስት ሕመም ነፃ ሆነው የቆዩት በአምስተኛው ዓመት 52 በመቶ፣ በዐሥረኛው 47 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ነፃ ከሆኑትም መድኃኒቱን ጨርሰው የተዉት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ሕመሙ ቆመ ማለትና መድኃኒት ቀረ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሚከፈለው ዋጋም መታሰብ አለበት። በ1953 በአሜሪካ ሄንሪ ሞሌይሰን ከአንጎሉ ሁለቱም ወገን ተቆርጦለት ሕመሙ ቢቀንስም፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ሐኪሞች ከዚህ ተምረው፣ ዛሬ የሚቆርጡት ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ አስቀድመውም የማስታወስ ችሎታን ይመረምራሉ።

ስለዚህ ለበሽተኛው ቤተ ሰብ «ፈጽሞ ይድናል» ማለትም፣ «ተስፋ የለውም» ማለትም ስሕተት ነው። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ በመጠኑም ቢሆን በቁጥር ሊነገር ይችላል።